የሰፈሩ ምርጥ መስመር

ሰኞ

ደመናው ገባ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ተዘርግቶ ጠበቀን። ቢሮ ስደርስ ትንበያ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሻዩን ይጠጣል። ትንበያ የምንለው ባልደረባዬን ነው፤ ሥራው የነገውን ደመና አስልቶ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጡን መናገር ነው። ለሰፈሩ ሲተነብይ አይስትም። የራሱን ልብስ ያሰጣ ቀን ግን ይዘንብበታል።

«ብዬ ነበር» አለኝ።

«ብለሃል» አልኩት።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህ ወቅት ብቻ ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ ሁላችንም «እኔ መጀመሪያም አውቄው ነበር» ማለታችን አይቀርም። በየዕለቱ ምን አውቅ እንደነበር ተጽፎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ለሙከራ በተመረጠው ሰፈር በየጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ አለ። ሁሉም የሚያጠራቅሙት ከጤና ጣቢያው ጀርባ በተተከለው አንድ ትልቅ ባትሪ ነው። በየቤቱ ቆጣሪ ላይ ደግሞ ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ስትሆን ኃይል ሞልቷል፤ እጠቡ፣ ተኩሱ፣ ጋግሩ ማለት ነው። ቢጫ ስትሆን ቀስ በሉ። ቀይ ስትሆን ባትሪው ተሟጧል፣ ከውጪው መስመር በውድ እየገዛን ነው። ማንንም አትቆርጥም፤ ታሳስባለች እንጂ። በየቤቱ እየዞርኩ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። «መቆየት የሚችል ይቆይ» እያልኩ። አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር ነች፤ ወድጃታለሁ።

ደመናው እስኪያልፍ የማታው ፍጆታ ካልቀነሰ ድርጅቱ ባትሪውን ነቅሎ ሌላ ሰፈር ይተክለዋል።

ነዋሪዎቹ የተስማሙት ስማቸው እንዳይታይ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ለየቤቱ ቁጥር ሰጥቷል፤ የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ እኛም አናውቅም። እኔ ግን መስመሮቹን ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ማንቆርቆሪያ ሲጣድ መስመሩ ላይ መርፌ ይተከላል። ካውያ የመጋዝ ጥርስ ነው፤ ሲግል ያቋርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀጥላል። ፍሪጅ እንደተኛ ሰው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አርባ ሁለት ቁጥር ጨቅላ ልጅ አላቸው ብዬ እምላለሁ፤ ሌሊቱን ደጋግሞ መርፌ ይተከላል። አሥራ ስድስት ቁጥር ትዳራቸው ታርቋል መሰለኝ፤ ሁለት ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ሆኗል።

ሐሜት ነው ቢባል፣ ስም የሌለው ሐሜት ነው።

ረቡዕ

ባትሪው ግማሽ ሳይሞላ መሸ። ቀዩ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በራ።

ኃላፊያችን በኮሪደሩ ሲያልፍ «ሰፈርሽ እንዴት ነው?» አለኝ። ሰፈርሽ። ሲሰምር «ሰፈራችን» ነው የሚለው።

ቅዳሜ ማታ

አባዬ ጋ ዋልኩ። እሱም የሚኖረው እዚያው ሙከራው ሰፈር ነው፤ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ቀጥሎ። ከእናቴ ሞት በኋላ ብቻውን ነው። የሚቀመጥበት ወንበር የአውቶቡስ ሾፌር ወንበር ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ጓደኞቹ ከአሮጌ አውቶቡስ ነቅለው፣ እንጨት ላይ ገጥመው ሰጡት። እዚያ ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ ሲያይ፣ መንገዱ ወደ እሱ የሚመጣ ይመስላል።

ዕድሜውን በሙሉ ነድቶ ቀይ መብራት ጥሶ አያውቅም። ይህን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ለሚያውቀውም ይናገራል።

ባለፈው ዓመት የጤና ጣቢያው ሐኪም ሳንባው ስለደከመ ሌሊት ሌሊት ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን አዘዘችለት። አልጋው አጠገብ ሆኖ ሲያንጎራጉር ያድራል። አባዬ ስሙን «ተሳፋሪው» ብሎታል። «አንድ ቀን ትኬት ሳይቆርጥ፣ አንድ ቀን ሳይወርድ» ይላል።

የሕክምና ዕቃ ላለበት ቤት መብራቷን ሁልጊዜ አረንጓዴ ማድረግ እንደምንችል ነገርኩት።

«ተይው» አለ። «የመሐንዲሷ አባት በአረንጓዴ እየኖረ ጎረቤቱ በቀይ ሊኖር ነው? ስምሽን ያነሱታል።»

«ያንሱት፤ ምን አገባቸው?»

«እኔን ያገባኛል። ሾፌር ዘመዱን በነፃ ሲጭን ሌላው ተሳፋሪ አያይም ብለሽ ነው? ያያል። ዝም ይላል እንጂ ያያል።»

አልተከራከርኩትም። አባባሉ ደስ አለኝ። የወረቀት ሥራውም ቀላል አይደለም።

ስወጣ መብራቷ ቢጫ ነበረች። በር ላይ ቆሞ በጣቱ አሳየኝ፤ «አየሽ? ፍጥነት ቀንስ ትላለች» አለኝ። ያቺን መብራት ከሁላችንም በላይ የወደዳት እሱ ነው።

ማክሰኞ

ሠላሳ አንድ ቁጥር።

እስከ ዛሬ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው የሚኖርበት ትንሽ ቤት ነው። ቀን አረንጓዴ ሲሆን ያበስላል፣ ያጥባል፣ ውሃ ያሞቃል። ቢጫ ሲሆን ያቋርጣል። ቀይ ሲሆን ከፍሪጁ በቀር ምንም የለም። አምፖል እንኳ። መብራቷ በተቀየረች በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ይወርዳል፤ ቆጣሪው ሥር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያለ ይመስላል።

ይበልጥ የሚገርመኝ የሌሊቱ ነገር ነው። አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ባደረባቸው ሌሊቶች አንድ ዝቅ ያለ፣ ወጥ የሆነ ጉብታ አለ፤ ከመኝታ ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ አይነቃነቅም። ቀይ ባደረባቸው ሌሊቶች ግን ጉብታው የለም። መብራት የሚታዘዝ ዕቃ ነው እንግዲህ። ለትንበያ አሳየሁት።

«ውሃ ማሞቂያ ነው» አለ። «ሰዓት አስረውለት ይሆናል።»

«ውሃ ማሞቂያ እንዲህ ወጥ አይሆንም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? የዶሮ ጫጩት ያሞቃሉ?»

ጫጩት ያለው ሰው ቀይ በራ ብሎ ጫጩቶቹን አያበርድም። ሌላ ነገር ነው። ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነው፤ ወደ ቤት ስሄድም አብሮኝ ሄደ።

ሐሙስ

የተጣደፈ ቀን። ዳቦ ጋጋሪው ከንጋት በፊት ምጣዱን ሁሉ አንድ ላይ ሰክቶ ሰፈሩን ለሩብ ሰዓት አጨለመው። ልናነጋግረው ሄድን። «ፀሐይዋ የሱቅ ጠባይ የላትም» አለን፤ «ስትፈልጋት ዝግ ናት። እኔ ሰው ዳቦውን የሚገዛው ጠዋት መሆኑን ለማን ልንገር?» ልክ ነው።

ወንድሜ ከሚሠራበት ከተማ ደወለ። «አባዬ ማሽኑን ይጠቀማል?»

«ይጠቀማል።»

«አይተሻል?»

«አልጋው አጠገብ ነው ያለው፤ ቅዳሜ አይቼዋለሁ።»

«በስልክ ሳወራው ቃላቱን ይቆራርጣቸዋል።»

«ደመና ነው። ለሁሉም ሰው ከባድ ነው።»

ታናሽ ሆኖ እንደ ታላቅ መጠየቅ ይወዳል። ሩቅ ያለ ሰው መጨነቅ አያቅተውም።

እሑድ

አባዬን ስለ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነገርኩት። ስም የለበትምና ነውር የለውም። እሱም በጥሞና ሰማኝ፤ እንደ ዛሬ ሥራዬን አድምጦልኝ አያውቅም።

«ቀይ ሲበራ በደቂቃ ውስጥ ያጠፋል ነው የምትይኝ?»

«በደቂቃ። ከሰፈሩ ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ሁሉም እንደሱ ቢሆኑ ባትሪውን ማንም አይነቅልብንም።»

«ጥሩ ሰው ይሆናል» አለ።

«ሌሊት ሌሊት ብቻ የሆነ ነገር ይሰካል። እሷ ባትኖር ፍጹም ነበር።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ምን ይሆን?»

«አላወቅንም። ትንበያ ጫጩት ነው ይላል።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ትንሽ ቆየበት። ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት። ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ፣ እያወራሁት፣ እንቅልፍ ወሰደው። ገና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ስለ ባትሪው የደረስኩበትን ገና አልነገርኩትም።

ረቡዕ

ሠላሳ አንድ ቁጥር ጉብታውን ጣለው። እሑድ ማታም የለም፣ ሰኞም የለም፣ ትናንትም የለም። ትናንት ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ቢጫ ነበር። ያ ነገር ምንም ይሁን ምን ተወግዷል። አሮጌ ዕቃ ነበረና ሸጡት?

የሌሊቱ መስመር አሁን የተሰመረ ይመስላል። ኃላፊው መጥቶ ከኋላዬ ቆመና «ይህን አትሚልኝ» አለ። በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ «የሰፈራችን ምርጥ መስመር» ብሎ አስጻፈበት። የባትሪውን ዕጣ የሚወስኑት ሰዎች የሚሰበሰቡ ዕለትም ይዞት ይገባል።

ሰፈራችን ሆነ። ደግ።

እኔና ትንበያ ተወራረድን። እሱ «ቤቱ ባዶ ነው፣ ሰው አይኖርበትም» ይላል። እኔ ብቻዋን የምትኖር ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሌላ አይመጣም። የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል። እንዴት እንደምናረጋግጥ ግን አላሰብንበትም።

ዓርብ

ጭላንጭል ፀሐይ እንኳ ሳናይ ሦስተኛ ቀን። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ትንበያ መስኮቱ ጋ መቆም ትቷል።

ቅዳሜ

አባዬ ጋ ስገባ ልብስ ሰፊዋ በራፏ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትሰፋለች። የእኔን ሰላምታ ሳትጨርስ፣ «አባትሽ ምን ሆኖ ነው ማታ ማታ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው?» አለችኝ።

«ዓይኑን ያሳርፋል።»

«ዓይን እንዲህ አይደክምም፣ እህቴ። ትናንት ምስር ላቀብለው ገብቼ ወንበሩን በእጄ ዳስሼ ነው ያገኘሁት። አምፖል ላብራ ስል ‹ቀይ ነው› ይለኛል።»

«ቁጠባ ይወዳል» አልኳት።

«ቁጠባ ደግሞ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

የሰው ጣልቃ ገብነት ያስቸግራል። ግን በመልካም ነው ያለችው፤ አውቃለሁ።

አባዬ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል። እግሩ አብጧል፤ ጫማውን ሳያስር ነው የሚሄደው። «ቁጭ ብዬ ስለምውል ነው፤ የሾፌር በሽታ ነው» አለኝ። ከንፈሩ ብርድ እንደመታው ሰው ሆኗል። ደመናው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከስብሰባው በኋላ ሐኪሟ ጋ ይዤው እሄዳለሁ። እዚህ ጻፍኩት፤ እንዳልረሳው።

ሰኞ ማታ

ከሥራ በቀጥታ ወደ አባዬ ሄድኩ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለውም፤ ነገ ከነዋሪዎቹ ጋር ስብሰባ አለ፣ መምጣት ይፈልጋል። ስገባ ጨለማ ነው። አምፖሉን አበራሁ። ከወንበሩ ሆኖ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ፣ «ቀይ ነው እኮ» አለኝ።

«አንድ ሸሚዝ ባትሪ አይገድልም።»

«ሁሉም እንደዚያ ካለ ይገድለዋል። ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

«ዛሬ እኔ ፈቅጃለሁ።»

ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሸሚዙን ተኮስኩ፤ እጅጌው አስቸገረኝና ሻዩን ረስቼው በረደ፣ መልሼ አፈላሁት። እሱ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣው ቆየ። ዓይኑ ቆጣሪው ላይ ነበር። እንግዳ ቤት ገብቶ እንዳጠፋ ልጅ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ይህን ያህል ቀን ይዤው ነበር» አለ።

ምኑን እንደያዘ አልጠየቅኩትም። ስብሰባው ነበር በሐሳቤ። አልጋው አጠገብ ማሽኑ ላይ ፎጣ ተጥሎበታል፤ ከአቧራ ይጠብቀዋል።

ማክሰኞ

ትንበያ ገና በር ላይ እያለሁ ይስቃል። «ምሳው የማንም አይደለም! ቤቱ ባዶ አይደለም፣ ግን አስተማሪሽም ጉድ ሆናለች። ሠላሳ አንድ ቁጥር ቀይ ጣሰ!»

አየሁት። እውነት ነው። ለስንት ቀን እንደ ክር የነበረው መስመር ማታ ላይ ተበላሽቷል። መጀመሪያ አምፖል። ከዚያ መርፌ። ከዚያ የመጋዝ ጥርስ። ከዚያ ሌላ መርፌ።

«እንግዳ መጥቶባት ነው» አልኩት። «ሻይ አፍልታ…»

መጋዝ። የተረሳ ሻይ።

ሁለተኛው መርፌ።

ፎጣው

ማክሰኞ ሌሊት፣ ጤና ጣቢያ

ተኝቷል። አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፣ መስመር የማይ ይመስል።

በሩን ስከፍተው ወንበሩ ላይ ነበር፤ ትናንት የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሶ። አልዞረልኝም። ወደ መስኮቱ እያየ፣ በደከመ ድምፅ፣ በትሕትና፣ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። «በሩ ላይ አትቁሙ። ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ።» «አባዬ» ስለው፣ «ቦታ አለ፣ እህቴ፣ ወደ ኋላ ቦታ አለ» አለኝ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ፎጣውን አንስቼ ማሽኑን ሰካሁት፤ ማንጎራጎር ሲጀምር ግን ምን ያህል መስጠት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ልብስ ሰፊዋ ጩኸቴን ሰምታ ገባች። ዳቦ ጋጋሪው የዳቦ ማመላለሻ መኪናውን አስነሳልን፤ እኔና እሷ ከዱቄት ጆንያ መሀል አባዬን ደግፈን ተቀመጥን። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻል ነበር።

ሐኪሟ የእጁን ጣት እያየች፣ «ማሽኑን ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አውቀዋለሁ። የአባቴ ማሽን መቼ እንደቆመ ከማንም ሰው ይልቅ በትክክል አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቀይ ባደረባቸው ሌሊቶች፤ ከዚያ፣ እኔ «እሷ ባትኖር ፍጹም ነበር» ካልኩበት እሑድ ማታ ጀምሮ፣ ጨርሶ። በትልቁ አሳትመን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።

«ጥቂት ቀን ቢጨምር አንነጋገርም ነበር» አለች። ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ እንደምታይ ነገረችኝና ሌላ በሽተኛ ጋ ሄደች።

ለወንድሜ ደወልኩ። አልጮኸብኝም። «እመጣለሁ» ብቻ አለ።

ከዚህ መስኮት ባትሪው ይታያል። ማቀዝቀዣው ይነፍሳል። አሁን ሰዓቱ ቀይ ነው፤ ጤና ጣቢያው ግን ቀይ የለውም። ከመጀመሪያው ቀን ያለ ማንም ጥያቄ ከመብራቷ አውጥተነዋል፤ ሕንፃው በር ላይ ምልክት ስላለው። ቤቶቹ በር ላይ ምልክት አልነበራቸውም። እኔ ደግሞ ምልክት እንዲያመጡ ነበር የምጠብቀው።

ረቡዕ ማታ

ነቃ። መጀመሪያ የጠየቀው ስብሰባው እንዴት ሆነ ብሎ ነው።

«አልሄድኩም።»

«ለምን? ሸሚዜን ተኩሰሽው።»

ከዚያ ፊቴን አየና ገባው። ወንድሜ ውሃ ሊያመጣ ወጣ፤ ሆን ብሎ ይመስለኛል።

«አባዬ፣ ቀይ ማለት ክልክል ማለት አይደለም ብዬሃለሁ እኮ።»

«ለሾፌር ነው።»

«ማሽኑ ግን…»

«አንቺ መቆየት የሚችል ይቆይ አልሽ» አለ፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እኔ መቆየት የምችል መሰለኝ።»

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት፤ የተስተካከለ ነበር።

ቆይቶ፣ በጎኑ ሆኖ፣ «ሠላሳ አንድ ቁጥር እኔ ነበርኩ?» አለኝ።

«አንተ ነበርክ። አታውቅም ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ስትነግሪኝ እንደዚያ ሆነሽ… ፊትሽ በርቶ። እኔ ባልሆንም እሱን መሆን ደስ ይለኛል አልኩ።»

ትንበያ ማታ መጥቶ ነበር። ውርርዱን እንደተወው ነገረኝ። ለመሳቅ ሞከርን፤ አልሆነልንም።

ሰኞ

የወሳኞቹ ስብሰባ። ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ቀድሜ ገብቼ አወረድኩት። ኃላፊው «አንድ ቤት ነው፤ ለአንድ ቤት ብለሽ የሁሉንም ልፋት ታበላሺያለሽ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔም የዛሬ ሳምንት ይህንኑ እል ነበር።

ሠላሳ አንድ ቁጥርን ከሒሳቡ አውጥቼ ውጤቱን አቀረብኩ። ከግቡ በጥቂቱ ጎደልን። ምክንያቱን ስናገር ድምፄን አልሰበርኩም፤ በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ያ ነው። መስመሩ ወጥቶ ሲወርድ ለምን እንደወረደ ካልጠየቅን መብራቷ ሰፈሩን ብልህ አታደርገውም አልኩ።

ነዋሪዎቹ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌላ እንዲህ ያለ ቤት እንደሌለ በምን ታውቃላችሁ?»

ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው እጁን አወጣ። አማቱ መድኃኒቷን የምታስቀምጥበት ፍሪጅ አለ፤ ቀይ ሲበራ እንዳትነቅለው ከእሷ ጋር ሲጣላ ነው የሚያመሸው። ከጎኑ ደግሞ አንዲት ልጅ የታቀፈች ሴት፣ ቀስ ብላ፣ «እኛም የልጁን ማሞቂያ…» አለች። አርባ ሁለት ቁጥር ትሆናለች። አልጠየቅኳትም፤ ሕፃኑን ግን አየሁት።

ባትሪው ይነቀል አልተባለም፣ ይቆይም አልተባለም። ፀሐይ እስክትመለስ ይታይ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ሐኪም ያዘዘው ዕቃ ያለበት ቤት ሁሉ የቆጣሪው መብራት ትጠፋለት፤ ወረቀት ከቤቱ አይጠየቅም፣ እኛው በየቤቱ ሄደን እንጠይቃለን። አረንጓዴ እናድርግላቸው ያለ ነበር። እምቢ አልኩ። አረንጓዴም ቢሆን ሰው ቆሞ ያየዋል።

ነገ በየቤቱ መዞር እጀምራለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አልላትም።

ሐሙስ

አባዬ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቆጣሪውን መብራት ላጠፋ ስል ከለከለኝ።

«ተያት። ለምጃታለሁ።»

«አባዬ፣ ሕጉ ነው። ራሴ ያወጣሁት።»

«እኔ ደግሞ ሳያት ማሽኑን እንደማላጠፋ ማየት እፈልጋለሁ። ልሞክረው።»

ወንድሜን አየሁት። ወንድሜ ትከሻውን ሰበቀ። ልብስ ሰፊዋ ማታ ማታ እየገባች ፎጣውን እንደምታይ ማለች። ተስማማን። ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ተጣሰ፣ በአውጪዋ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኩት። መስመሩን ማየት እችል እንደሆነ፣ አሁን የእሱ መሆኑን እያወቅኩ። ሌሎቹን ስም ሳላውቅ ነው የማያቸው፤ እሱን ግን ሳልጠይቅ ማየት በመስኮት እንደ ማሾለቅ ነው።

አሰበበት። «እይው» አለ። «ሻይ ስንት ጊዜ እንደምጠጣ ግን ለሐኪሟ እንዳትነግሪያት። ስኳሩንም።»

«ስኳር በመስመሩ ላይ አይታይም።»

«እሱ ነው የሚሻለው።»

ማክሰኞ

ደመናው ገና አለ፤ ከኮረብታው በላይ ግን ቀጭን ብርሃን ወጥቷል። ትንበያ ልብሱን አስጥቷል። ነገ ይዘንባል ማለት ነው።

ማታ ቢሮ ቆየሁ። ቀዩ በራ። ቤቶቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ አየሁ፣ አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ እየተንቀራፈፈ። ከዚህ በፊት የሚወርደውን ነበር የማየው። ዛሬ የሚወርደውን እያየሁ ምን አጥፍቶ ነው የወረደው ብዬ እጠይቃለሁ፤ የማላውቃቸው ብዙ ናቸው፤ ደስ የሚለው ግን ሄጄ በር ማንኳኳት መቻሌ ነው። ስንቱን ነገር በበር ማወቅ ይቻል ነበር።

ሠላሳ አንድ ቁጥርን ከፈትኩት። ጉብታው አለ፤ ገና በጊዜ ተኝቷል ማለት ነው። ልዘጋው ስል፣ በቀይ ሰዓት፣ ከጉብታው ላይ አንድ ረጅም መርፌ ተተከለ።

ስልኬ ጮኸ።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«ጣስኩት» አለ። ማንቆርቆሪያው ከጀርባው ሲንሿሿ ይሰማል፣ ከእሱ ጀርባ ደግሞ ተሳፋሪው ያንጎራጉራል። «በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ትራፊክ እንዳትጠሪብኝ።»

ረቡዕ ጠዋት

ዘነበ። የትንበያ ልብስ በስብሷል።

ሠላሳ አንድ ቁጥር ሌሊቱን በሙሉ ቀይ በርቶበት፣ ጉብታው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወርድ አደረ። ከሰፈሩ ሁሉ አስቀያሚው መስመር ሆኗል። ቢሮ ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው።